«ስንት ጊጋ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት

ባለፈው ሰሞን ላፕቶፕ ከምትፈልግ ወዳጃችን ጋር ሱቅ ለሱቅ ስንዞር ዋልን። የገባንበት ሁሉ ንግግሩ አንድ ነው። «ኮር አይ ፋይቭ ነው፣ ስምንት ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ ከዱባይ የገባ!» ሻጩ ይደረድራል፤ ወዳጃችን ራሷን ትነቀንቃለች። እኛ መሀል ገባንና «ይሄ ማሽን ዊንዶውስ 11 ይቀበላል? እስከ መቼ ነው አፕዴት የሚያገኘው?» ብለን ጠየቅን። ሻጩ ሳቀ። «እናንተ ደግሞ! ይሠራል አይደል? አፕዴት ምን ያደርግላችኋል?» ወዳጃችን በክርኗ ጎሸም አደረገችን፤ «አታሳፍሩኝ» ማለቷ ነው።

አላፈርንም። እንዲያውም ነገሩ ከነከነንና ይህን ጻፍን። ጋዜጠኝነት እንጂ ኮምፒውተር ሳይንስ አልተማርንም፤ ግን ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ምን እንደገዛ ሲጠፋው ማየት የኛም ጉዳይ ነው።

የምንለው አጭር ነው። የቤት ኮምፒውተርን ለወግ የሚያበቃው ሆዱ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር አይደለም። ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሌሎች ሰዎች የሚጽፉለት ሶፍትዌርና አምራቹ ከሸጠ በኋላ የሚያደርግለት ድጋፍ። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ የዓለም ምርጥ ማሽን የቤት ጌጥ ነው። «የለም፣ ጥሩ ዕቃ ራሱን ይሸጣል» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ጠባችን ከእናንተ ጋር ነው። ማስረጃችን ደግሞ የዛሬ 40 ዓመት ገደማ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ የሆነው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብቻውን ሊበላ የፈለገው

ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን በሂሳብ ማሽኑ ሳታውቁት አትቀሩም። ይህ ኩባንያ በ1981 ቲአይ-99/4ኤ የተባለ የቤት ኮምፒውተር በ525 ዶላር አወጣ። ፕሮሰሰሩ 16 ቢት ነበር። ያን ጊዜ አፕል፣ አታሪና ኮሞዶር ለቤት የሚሸጡት ሁሉ 8 ቢት ነው። በዛሬው የሱቅ ቋንቋ ብንናገር፣ ሻጩ «የሌሎቹ 8፣ የኛ 16!» ብሎ ይጨርሳችሁ ነበር። ቺፑን የሚሠራው ራሱ፣ ገንዘብ ያለው ራሱ፣ ስም ያለው ራሱ። ምን ጎደለው?

የጎደለው ልብ ነው። ኩባንያው ያሰበው ሳጥኑን በርካሽ ሸጦ ትርፉን ከካርትሪጁና ከተጨማሪ ዕቃው ሊለቅም ነበር። ለዚህ ደግሞ ሶፍትዌሩን የሚሸጠው እሱ ብቻ መሆን አለበት። ስለዚህ የማሽኑን የውስጥ አሠራር ለውጭ ፕሮግራመሮች በቀላሉ አላካፈለም። በማሽኑ ቋንቋ በቀጥታ ለመጻፍ የፈለገ ልጅ፣ ሳጥኑን ከገዛ በኋላ ሌላ ካርትሪጅ፣ ተጨማሪ ሚሞሪና የዲስክ ማንበቢያ እንዲገዛ ይነገረው ነበር። አብሮት የሚመጣው ቤዚክ ደግሞ ትእዛዙን ሁለት ጊዜ እያስተረጎመ ስለሚሠራ ኤሊ ነው። ያ ሁሉ የ16 ቢት ፉከራ ቤዚክ ላይ ሲደርስ ከነ8 ቢቶቹ ጀርባ ይጎተት ነበር።

ይህ ሁሉ ሳያንስ በ1983 የባሰ አደረገ። የውጭ ኩባንያዎች መንገዱን በራሳቸው ጥረት አግኝተው ለማሽኑ ጌም መሥራት ጀምረው ነበር። ሌላው ቢሆን ደስ ይለዋል፤ ሰው በራሱ ወጪ ማሽንህን እያሳመረልህ ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ግን በዚያ ዓመት አዲስ በሠራቸው ሳጥኖች ላይ የእነዚያን ካርትሪጆች መግቢያ ዘጋ። እንግዳ ሲመጣበት በር የሚቀረቅር ቤት አስቡ። አበው «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» ያሉት ለምግብ ብቻ አይደለም።

ፍርድ እንዳናዛባ፣ ያወጣቸው ሶፍትዌሮች መጥፎ አልነበሩም። የትምህርት ፕሮግራሞቹ ጥሩ ነበሩ፤ ለልጆች ፕሮግራም ማስተማሪያ የሆነው ሎጎ በዚህ ማሽን ላይ ቀድሞ ነው የገባው። ግን አንድ ኩባንያ፣ ምንም ቢተጋ፣ ሺህ ልጆች በየጓዳቸው የሚያስቡትን አያስብም። መጨረሻውን ታውቁታላችሁ፤ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ከስሮ፣ ኦክቶበር 28 ቀን 1983 ከቤት ኮምፒውተር ገበያ መውጣቱን አስታወቀ። የተረፈው ሳጥን በ49 ዶላር እስኪቸበቸብ ደረሰ።

በሩን የከፈቱት

አሁን ወደ ተቃራኒው እንሂድ። አፕል 2 በ1977 ሲወጣ ከማሽኑ ጋር የሚሄደው መመሪያ የማሽኑን የኤሌክትሪክ ንድፍ ሳይቀር ያሳይ ነበር። ውስጡ ስምንት ተጨማሪ ካርድ መሰኪያ ነበረው። «እኔ ያላሰብኩትን እናንተ ጨምሩበት» ማለት ነው። ሰውም ጨመረበት። በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የተባሉ ሁለት ሰዎች ቪዚካልክ የሚባለውን የሂሳብ ሠንጠረዥ ለዚህ ማሽን ሠሩ፤ ዛሬ ቢሮ ውስጥ የምንጨቃጨቅበት ኤክሴል የሱ የልጅ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ነጋዴው ሱቅ ገብቶ «ቪዚካልክ ስጡኝ፤ የሚሠራበትንም ማሽን ጨምሩልኝ» ማለት ጀመረ። ልብ በሉ፣ ቪዚካልክ የ100 ዶላር ዕቃ ነው፤ ማሽኑ ከሺህ ዶላር በላይ። ትንሹ ትልቁን ሸጠው! ቪዚካልክን የጻፈው ደግሞ አፕል አልነበረም።

ኮሞዶር 64ም እንደዚሁ ነው። በ1982 በ595 ዶላር ወጣ። 8 ቢት ነው። ግን ኩባንያው በዚያው ዓመት ያሳተመው የፕሮግራመር መመሪያ መጽሐፍ የቺፖቹን አድራሻ አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ከኋላው ተጣጥፎ የሚወጣ የማሽኑ ንድፍም አለው። የ15 ዓመት ልጅ ያንን መጽሐፍ ይዞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ድምፁን ማዘፈን፣ ስክሪኑን ማስጨፈር ይችል ነበር። ጌሙ መጣ፣ የጽሕፈት ፕሮግራሙ መጣ፣ የሙዚቃ ፕሮግራሙ መጣ። ሶፍትዌር ስላለው ሰው ይገዛዋል፤ ሰው ስለሚገዛው ሶፍትዌር ይጻፍለታል። ክቡ አንዴ መዞር ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ያ ማሽን እስከ 1994 ሲመረት ኖረ። አሥራ ሁለት ዓመት! በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የእናንተ ስልክ ስንቴ ተቀየረ?

ኮሞዶር ቅዱስ ነበር እያልን አይደለም። መሥራቹ ጃክ ትራሚየል ርኅራኄ የማያውቅ ነጋዴ ነበር፤ አከፋፋዮቹን ያስለቀሰ ሰው ነው። የዕቃው ጥራትም ብዙ ጊዜ ያሳማው ነበር። ግን በሩን አልዘጋም። አንዳንዴ ለመደገፍ ያህል አለመከልከል ብቻ ይበቃል።

«የለም፣ ዋጋው ነው!»

እዚህ ላይ ነገር አዋቂ ነን የሚሉት ጣታቸውን ያነሳሉ። «ኮሞዶር ያሸነፈው ዋጋ ሰብሮ ነው፤ ሶፍትዌር ምናምን ተረት ነው» ይላሉ። ይህን መልስ ሳንሰጠው አናልፍም።

ዋጋ መስበሩ እውነት ነው። ኮሞዶር የራሱ የቺፕ ፋብሪካ ነበረው፤ ኤምኦኤስ ቴክኖሎጂን በ1976 ገዝቶታል። ስለዚህ ሌሎቹ የማይችሉትን ዋጋ ይችላል። ግን በ1983 ኮሞዶር 64 ወደ 200 ዶላር ገደማ ሲወርድ፣ ቲአይ-99/4ኤ 100 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ግማሽ ዋጋ ማለት ነው! ርካሽነት የሚያሸንፍ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ አሸናፊ ነበር። እንዲያውም ርካሽነቱ ነው የገደለው። ሳጥኑን በኪሳራ እየሸጠ፣ ትርፍ የሚያመጣለትን ሶፍትዌር በራሱ እጅ አንቆ ይዞ፣ ከየት ያትርፍ? ርካሽ ዋጋ ሰውን ከሱቁ ደጃፍ ያደርሳል። ቤት ገብቶ በሁለተኛው ወር ማሽኑን እንዲከፍት የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው።

ያስተማረ የረሳው ትምህርት

ይህን ትምህርት በደንብ ያስተማረን ኮሞዶር ራሱ ረሳው። በ1984 ፕላስ/4 የሚባል አዲስ ማሽን አወጣ። 64 ኪሎባይት ሚሞሪ አለው፣ የቢሮ ፕሮግራሞች አብረውት ተገጥመዋል፣ ቤዚኩም ከቀድሞው የተሻለ ነው። በወረቀት ላይ ምን ይወጣለታል? ነገር ግን የኮሞዶር 64 ፕሮግራሞች አይሠሩበትም። የጆይስቲኩና የካሴቱ መሰኪያ ሳይቀር ተቀይሯል። እስቲ ራሳችሁን በገዢው ቦታ አስቡት፤ አንድ መሳቢያ ሙሉ ጌምና ፕሮግራም ሰብስባችኋል፣ ያው ኩባንያ መጥቶ «አዲሱን ግዙ፣ የድሮውን ጣሉት» ይላችኋል። ሰው አልገዛም። በዓመቱ ምርቱ ቆመ። የራሱን ሶፍትዌር ያህል ተፎካካሪ ኮሞዶር ሌላ አልነበረውም!

እንግሊዝ አገር ደግሞ ክላይቭ ሲንክሌር አለ። ስፔክትረም የተባለው ማሽኑ በ1982 ወጥቶ የእንግሊዝን ልጆች በሙሉ ጌም ጻፊ አድርጓቸዋል ቢባል ትንሽ ነው የሚጋነነው። ያ ሰው በጃንዋሪ 1984 ኪውኤል የሚባል ማሽን በ399 ፓውንድ አስተዋወቀ። «ገንዘብ ላኩ፣ በ28 ቀን ቤታችሁ ይደርሳል» አለ። ማሽኑ ግን ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር። ሰው ወራት ጠበቀ። የመጀመሪያዎቹ ሲደርሱ፣ ዋናው ፕሮግራም ሳጥኑ ውስጥ አልበቃ ብሎ ከፊሉ ከኋላ እንደ ጅራት ተሰክቶ ነበር። በ1986 ስሙና ምርቶቹ ለአምስትራድ ተሸጡ፤ አምስትራድም ኪውኤልን አቆመው። ፕሮሰሰሩ ከስፔክትረም እጅግ የሚበልጥ ነበር። ስፔክትረም ኖረ፣ ኪውኤል ሞተ።

ፊንላንድ ውስጥ ይህን ኪውኤል የገዛ አንድ ልጅ ነበር። ለማሽኑ በአገሩ ሶፍትዌር ማግኘት ስላስቸገረው፣ የሚያስፈልገውን መጻፊያና መተርጎሚያ ራሱ ቁጭ ብሎ ጻፈ። ስሙ ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። በ1991 ሊኑክስን የጀመረው ያ ሰው። አንዳንዶች ይህን ታሪክ ሰምተው «አያችሁ፣ ሶፍትዌር ማጣት ሰውን ጎበዝ ያደርጋል» ይላሉ። እባካችሁ! ኪውኤልን ከገዛው ሰው መሀል ስንቱ ነው ሊኑስ የሆነው? የቀረው ገንዘቡን ከስሮ ነው የቀረው።

ላቷን ከውጭ ያሳደረችው

የዚህ ሁሉ ወሬ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። የኩባንያ ኪሳራ ሲነሳ ስለ ባለ አክሲዮኖች እናነባለን፤ ስለ ገዢው ማንም አይጽፍም። በ1983 ለልጁ ብሎ ቲአይ-99/4ኤ የገዛ አባት፣ በጥቅምት መጨረሻ ጋዜጣ ገልጦ አምራቹ ጥሎት እንደሄደ ሲያነብ ምን ተሰማው? ማሽኑ አልተበላሸም። ትናንት የሚሠራው ዛሬም ይሠራል። ግን አዲስ ካርትሪጅ የሚያወጣለት ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ጎረቤቱ ኮሞዶር የገዛው ልጅ በየወሩ አዲስ ነገር ሲያመጣ የሱ ልጅ ያንኑ ያረጀ ጌም ይጫወታል። «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከውጭ አሳደረች» ይባላል። ጌታዋ ግን በሩን ዘግቶ አገር ለቆ ሄዷል።

ደስ የሚለው ሰዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የተጠቃሚዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ፕሮግራም እየጻፉ፣ እየተለዋወጡ፣ ማሽኑን ለዓመታት አኖሩት። በ1987 ማያርክ የሚባል ትንሽ ድርጅት የድሮውን ሶፍትዌር የሚያሠራ ጄኔቭ 9640 የተባለ አዲስ ኮምፒውተር እስከ መሥራት ደረሰ። ኩባንያው በአንድ ቀን የተወውን፣ ገዢዎቹ ዓመታት ተሸከሙት። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው። ግን ገዢው የሻጩን ሥራ እንዲሠራ መገደዱ ራሱ ነውር ነው፤ ኩራቱ ነውሩን አይሸፍነውም።

እኛስ?

«ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» ለምትሉ፣ ቅርባችን ካለው እንጀምር። በ1980ዎቹ ዓለሚያ የተባለ የኩዌት ኩባንያ ሳክር የሚል ስም የሰጣቸውን የቤት ኮምፒውተሮች ለአረቡ ዓለም አቀረበ። ማሽኖቹ ኤምኤስኤክስ በሚባለው፣ ማይክሮሶፍትና የጃፓን ኩባንያዎች በ1983 ባስተዋወቁት የጋራ መለኪያ የተሠሩ ናቸው። ኤምኤስኤክስ አሜሪካ ውስጥ ምንም አልሆነለትም። አረብ አገር ግን ቤት ለቤት ገባ። ምክንያቱም ሳክር ሲከፈት አረብኛ ይናገራል፤ የልጆች ትምህርቱ በአረብኛ ነው። ሳጥኑ ያው ነው። ልዩነቱ ሶፍትዌሩና ከጀርባው የቆመው ኩባንያ ነው።

እኛ እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘንም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱ ቁጥር፣ የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የጥንቆላ ጽሑፍ ይመስል ነበር። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር የግዕዝ ፊደል ይዞ የመጣው በቪስታ ጊዜ፣ በ2007 ነው። ያን ሁሉ ዓመት ቢሮው ውስጥ የነበረው ኮምፒውተር ፍጥነት አልጎደለውም፤ የጎደለው ቋንቋችንን የሚያውቅ ሶፍትዌርና ደጋፊ ነው።

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ። ማይክሮሶፍት ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ለተመዘገበ ሰው የተወሰነች ማራዘሚያ ሰጠ እንጂ በሩ ተዘግቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሁሉን ማሽን አይቀበልም፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ስምንተኛው ጄኔሬሽንና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ነው የሚፈልገው። እንግዲህ «ኮር አይ ፋይቭ ነው» ማለት ምን ማለት ነው? ስድስተኛው ጄኔሬሽንም ኮር አይ ፋይቭ ነው፣ አሥረኛውም ኮር አይ ፋይቭ ነው። አንዱ ወደፊት ይቀጥላል፤ ሌላው በር ላይ ቀርቷል። ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች «አርጅቷል» ተብሎ የወጣው ላፕቶፕ ደግሞ የት እንደሚደርስ አትጠይቁን። አንዱ በወዳጃችን እጅ ላይ ነበር።

ሻጩ «ይሠራል አይደል?» ያለን ትክክል ነው፤ ይሠራል። ቲአይ-99/4ኤም በኦክቶበር 29 ቀን 1983 ይሠራ ነበር። ጥያቄው ከነገ ወዲያ ሳንካ ሲገኝበት ማን ይደፍንለታል፣ ባንኩ ወይም መሥሪያ ቤቱ የሚያስፈልገውን አዲስ ፕሮግራም ይቀበላል ወይ ነው።

እና ምን እናድርግ ነው? ሱቅ ስትገቡ «ስንት ጊጋ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ የምፈልገው ፕሮግራም ይሠራበታል? አምራቹ እስከ መቼ ይደግፈዋል? ሲተወውስ በሌላ ሶፍትዌር እንዳኖረው በሩን ክፍት ትቶልኛል? ጊጋው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሻጩ ከሳቀ ይሳቅ፤ አሥር ሰው ከጠየቀው ለአሥራ አንደኛው መልስ ይዞ ይጠብቃል። ገበያ የሚማረው እንደዚህ ነው።

ወዳጃችን በመጨረሻ ሰባተኛ ጄኔሬሽኑን ገዛችው፤ ዋጋው ስላማራት። አልተቀየምናትም። በቀደም ሊኑክስ ጫንንላት፤ ኪውኤሉ ሶፍትዌር አጥቶበት የተቸገረው ያ የፊንላንድ ልጅ የጀመረውን። አማርኛውን ጥርት አድርጎ ይጽፋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወለችና «የቢሮአችን ፕሮግራም ግን እምቢ አለኝ» አለች።

ምን እንበላት? ነግረናት ነበር።